የጁላይን የመጨረሻ ቅዳሜ ልቀቁልን

ለማኅበራችን ዓመታዊ የበጎ አድራጎት የጎልፍ ውድድር አዘጋጅ ኮሚቴ
ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው

ጉዳዩ፦ የውድድሩን ቀን፣ የግሪኖቹን ፍጥነትና የካርት አጠቃቀምን ይመለከታል

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በየዓመቱ ውድድራችሁን የምታካሂዱበትን የሜሪላንድ የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ ከሚንከባከቡት ሠራተኞች አንዱ ሆኜ ነው። እናንተ ባነር ስትሰቅሉ እኔ ግሪን ዳር ቆሜ ውኃ እረጫለሁ። አንዳንዶቻችሁ በአማርኛ «እንደምን አደራችሁ» ስላችሁ ደንግጣችሁ ዞራችኋል። የምጽፈው በአስተዳደሩ ስም ሳይሆን በራሴ ስም ነው። በአማርኛ የጻፍኩትም ጉዳዩ በኮሚቴውና በተወዳዳሪዎቹ መካከል በግልጽ እንዲመከርበት ስለምፈልግ ነው።

ኮሚቴው ካለፈው ውድድር በኋላ ለሜዳው አስተዳደር የላከው የቅሬታ ደብዳቤ ለእኛ ለሠራተኞቹም ተነቦልናል። ግሪኖቹ ዘገምተኛ ነበሩ፤ ሰባተኛው ግሪን ላይ ሣሩ ቢጫ ሆኖ አለፍ አለፍ ብሎም ተመልጦ ነበር፤ ፌርዌዩ ቡናማ ነበር፤ በጨዋታ መካከል ሠራተኞች ውኃ እየረጩ ተጫዋች አስቁመዋል፤ አንዳንድ ጉድጓዶች ላይ ካርት ከመንገዱ እንዳይወጣ ተከልክሏል ይላል። ከከፈላችሁትም የተወሰነው እንዲመለስ ይጠይቃል። ለመጪው ውድድር ደግሞ ቀኑ እንደተለመደው የጁላይ የመጨረሻ ቅዳሜ እንዲሆን፣ ግሪኖቹ «የቴሌቪዥኑን ያህል» እንዲፈጥኑ፣ በጨዋታ ሰዓት ውኃ እንዳይረጭና ካርት በየትኛውም ቦታ እንዲፈቀድ በቅድመ ሁኔታ አስቀምጣችኋል። አስተዳደሩ ገቢውን ስለሚፈልገው በመርህ ደረጃ እሺ ብሏል። እሺ ያላለው ሣሩ ነው።

ቀኑ ለምን እንደተመረጠ ይገባኛል። በጁላይ መጀመሪያ የሚደረገው የእግር ኳስ በዓላችን ካለፈ በኋላ፣ ኦገስት 7 የፍልሰታ ጾም ከመግባቱ በፊት የምትገኘው ጊዜ ጠባብ ናት። ጾም ከገባ በኋላ ክትፎና ጥብስ የሌለበት የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ብዙ ሰው እንደማይስብ ማንም ያውቀዋል። ልጆች ትምህርት የላቸውም፤ ከአትላንታና ከዳላስ የሚመጣው ዘመድም ፈቃድ የሚወስደው ያኔ ነው። ለሰው የተመቸ ቀን ነው። ለግሪኖቻችን ግን በዓመቱ ውስጥ ካሉት ሳምንታት ሁሉ የከፋው ሳምንት ነው፤ እንዴት እንደሆነ ላስረዳ።

በግሪኖቻችን ላይ ያለው ሣር ቤንትግራስ ይባላል። በመካከሉም ፖአ የሚባል፣ ማንም ሳይዘራው የገባ ሣር ተቀላቅሎበታል። ሁለቱም የቀዝቃዛ አየር ሣሮች ናቸው። ቅጠላቸው በደንብ የሚያድገው ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ፋራናይት፣ በሴልሺየስ ከ15 እስከ 24፣ ባለው ሙቀት ነው፤ ሥራቸው ደግሞ ከዚህም ቀዝቀዝ ያለ አፈር ይፈልጋል። በዋሽንግተን የጁላይ አማካይ የቀን ከፍተኛ ሙቀት 90 ገደማ ነው፤ ሌሊቱም በአማካይ ከ70 በታች አይወርድም። ቀኑን በጥላና በውኃ ማሳለፍ ይቻል ይሆናል። ሣሩን የሚጎዳው ሌሊቱ ነው። ቀን በፀሐይ የሠራውን ምግብ ሌሊት በወበቁ ውስጥ ሲተነፍስ ይጨርሰዋል፤ ሲነጋ ባዶ እጁን ነው። ይህ ለሳምንታት ሲደጋገም ሥሩ ያጥራል። በሜይ አምስትና ስድስት ኢንች ወርዶ የነበረ ሥር በጁላይ መጨረሻ አንድ ኢንች ተኩል ቢተርፈው ደግ ነው። እናንተ ላይ ላዩን አረንጓዴ ሆኖ የምታዩት ግሪን ከሥሩ ሲታይ አንድ ቀን ውኃ ቢቀርበት የማይተርፍ ነው።

እኛ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ቦታ ያደግን ሰዎች ሣር በሙቀት ይሞታል ሲሉን አይዋጥልንም። 2,300 ሜትር ላይ ሌሊቱ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ስለሆነ ዝናብ ካለ ሣር አለ ብለን ነው የምናስበው። እዚህ ግን ዝናቡ ራሱ ጠላት ሊሆን ይችላል። 2018ን አስታውሱ፤ በዋሽንግተን መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ እንደዚያ ዝናብ የበዛበት ዓመት የለም፤ ከ66 ኢንች በላይ ወርዷል። የዚያን ዓመት ሣር የሞተው በጥማት ሳይሆን በሙቅ ውኃ ውስጥ ታፍኖ ነው። በ2010 ደግሞ ሙቀቱ ለሳምንታት ሳይበርድ ቆይቶ በዚህ በመካከለኛው አትላንቲክ አካባቢ ብዙ ሜዳዎች ግሪናቸውን አጥተዋል። የእኛ አካባቢ ለሣር ሠራተኛ ክፉ ቦታ ነው፤ ለሰሜኑ ሣር በጣም ይሞቃል፣ ለደቡቡ ሣር ክረምቱ በጣም ይበርዳል። ከሁለት ያጣ ነው ማለት ይቻላል።

በሽታው የሚመጣው በዚህ ላይ ነው። ዶላር ስፖት የሚባለው በአንድ ዶላር የብር ሳንቲም ስፋት ሣሩን እያነጣ ይጀምራል፤ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ይደረስበታል። ብራውን ፓች ሌሊቱ ከ68 ዲግሪ ሲያልፍና ጤዛው ቅጠል ላይ ሲያድር ክብ ክብ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ጠዋት በጤዛው ላይ ጠርዙ እንደ ጭስ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ይታያል። የሚያስፈራን ሦስተኛው ነው፤ ፒቲየም ይባላል። የሣር ሠራተኛ በጁላይ ማታ ከመተኛቱ በፊት የሚሠራት አንዲት ሒሳብ አለች፤ የሌሊቱን ሙቀት በፋራናይት ከአየሩ እርጥበት መቶኛ ጋር ይደምራል። ድምሩ ከ150 ካለፈ እንቅልፍ የለም። ፒቲየም ቀን ከ86 በላይ፣ ሌሊት ከ68 በላይ ሲሆንና ሣሩ እርጥብ ሆኖ ሲያድር ይነሣል፤ ከተነሣም ቀን አይሰጥም፤ በአንድና በሁለት ሌሊት ግሪን ይጨርሳል። በውኃ ይሄዳል፣ በማጨጃ ጎማ ይሄዳል፣ በጫማ ይሄዳል። ጎሕ ሲቀድ በሣሩ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ድር ካያችሁ፣ ከሥሩ ያለውም ሣር ዘይት የነካው መስሎ ከጠቆረ፣ እሱ ነው።

መድኃኒት የለም ወይ ትሉ ይሆናል። አለ። ነገር ግን አብዛኛው ከበሽታው በፊት የሚረጭ መከላከያ ነው፤ ኃይሉም እንደየዓይነቱ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቢቆይ ነው። አንዱን መድኃኒት ከደጋገምነው ፈንገሱ ይለምደዋል፤ ስለዚህ እያፈራረቅን ነው የምንረጨው። በ95 ዲግሪ ቀትር ላይ ከተረጨም ሣሩን ራሱን ሊያቃጥለው ይችላል። ከሜዳው የሚወርደው ውኃ መጨረሻው ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነውና ያለ ልክ አንረጭም፤ መርጨትም የለብንም። የሕዝብ ሜዳ በጀት ደግሞ የግል ክለብ በጀት አይደለም።

አሁን ወደ ፍጥነቱ ልምጣ፤ ከቅሬታዎቻችሁ ሁሉ ያስገረመኝ እሱ ነውና። የግሪን ፍጥነት የሚለካው ስቲምፕሜትር በሚባል መሣሪያ ነው። ኤድዋርድ ስቲምፕሰን የሚባል ጎልፈኛ በ1935 ነው የፈጠረው፤ ኳሷ ከተዳፋቱ ወርዳ ስንት ጫማ ተንከባልላ እንደቆመች ይለካል። ለትልልቅ ውድድሮች አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ያደርሱታል። የእኛ ሜዳ በደህናው ጊዜ ዘጠኝ ነው፤ ለአብዛኛው ተጫዋች ይህ በቂ ነው፤ እንዲያውም (በአክብሮት ልናገርና) ከተወዳዳሪዎቻችሁ መካከል በዘጠኙም ኳሷን አሳልፎ ማዶ የሚያወርድ ብዙ ነው። ፍጥነት የሚመጣው ሣሩን ዝቅ አድርጎ በመቁረጥና በሮለር በመዳመጥ ነው። እኛ በኤፕሪልና በሜይ በአንድ ስምንተኛ ኢንች፣ ማለትም በሦስት ሚሊሜትር ገደማ፣ እንቆርጣለን። ሙቀቱ ሲገባ ማጨጃውን ከፍ እናደርጋለን። የምንጨምረው ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ያችን ያህል ቅጠል ማግኘት ለሣሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነውና። ባለፈው ዓመት ለእናንተ ሲባል በውድድሩ ሳምንት ከረቡዕ ጀምሮ ማጨጃው ወደ ሜይ ቁመቱ ወረደ፤ አርብና ቅዳሜ በሮለር ተዳመጠ። ትኩሳት የያዘውን ሰው አልጋውን ገፋችሁ ሩጫ እንዳስገባችሁት ቁጠሩት።

ከዚያ የሆነውን እናንተ አላያችሁም፤ እራት ላይ ነበራችሁ። ቅዳሜ ማታ ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ፤ አየሩ ግን አልቀዘቀዘም። ሰባተኛው ግሪን ሜዳው ውስጥ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ነው፤ ሦስት ጎኑን ዛፍ ከቦታል፤ ነፋስ አይገባውም። እሑድ ሲነጋ ነጩ ድር ነበረበት። መድኃኒት ረጨን፤ ማጨጃ እንዳይገባ አገድን፤ በማግስቱ ግን ጥቁሩ መስመር ውኃው የሄደበትን ተከትሎ እስከ ግሪኑ መካከል ወርዶ ነበር። የግሪኑ ሲሶ ሞተ። ፒቲየምን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ አልልም፤ ያመጣው ወበቁና ዝናቡ ነው። ነገር ግን ታሞ የሚያገግም ሣርና ታሞ የሚሞት ሣር አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱን ያመጣው ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ የጠየቃችሁት ነገር ነው።

ለእናንተ ነገሩ በአንድ የቅሬታ ደብዳቤ አለቀ። ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ግን እስከ ኦክቶበር ድረስ ጨዋታው በጊዜያዊ ግሪን ነበር፤ ማለትም ፌርዌይ ላይ ክብ ተቆርጦ ባንዲራ ተተክሎበት። ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጡት ጡረተኞች ከጡረታቸው ቆጥበው የከፈሉት ለዚያ አልነበረም። የሜሪላንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጎልፍ ወቅት የሚጀምረው ኦገስት ላይ ነው፤ በእኛ ሜዳ የሚለማመዱ ልጆች አሉ፤ ከእነሱም መካከል የእኛው የሐበሻ ልጆች ይገኛሉ። ወቅታቸውን ያሳለፉት ኳስ ቀጥ ብላ በማትሄድበት ሣር ላይ ነው። አዲስ ሣር በነሐሴ ሙቀት አይዘራም፤ ሴፕቴምበርን መጠበቅ ግድ ነበር። ሠራተኛውስ? በማለዳ 5 ሰዓት ገብቶ፣ ከሰዓት በኋላም እንደገና ተመልሶ ነው በውኃ ጎማ አንድ በአንድ ሲያጠጣ የከረመው። ከኮሚቴው ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ሳትጠይቁኝ ነው የምነግራችሁ።

የውኃው ነገር ደግሞ ይህ ነው። በቀትር ላይ ግሪን ላይ ውኃ ስንረጭ አጠጣን ማለት አይደለም። ቅጠሉ ላይ ስስ ጉም እናሳርፍበታለን፤ ያ ውኃ ሲተን ሣሩን ያቀዘቅዘዋል። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ያን ሁለት ደቂቃ ከተከለከልን አጭር ሥር ያለው ሣር ከቀትር በኋላ ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጠውልጎ ማታ አይነሣም። ማታ ብዙ ውኃ ብናጠጣውስ ብትሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ማደሩ ነው ፒቲየምን የሚጋብዘው። የምንረጨው ተጫዋች ለማስቆም ፈልገን አይደለም።

ካርቱም እንዲሁ ነው። የጠማው ሣር ከመድረቁ በፊት ምልክት ይሰጣል፤ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይሄዳል፣ ብትረግጡትም የእግራችሁ ዱካ ሳይነሣ ተኝቶ ይቀራል። በዚያ ሰዓት ካርት ካለፈበት በማግስቱ ሁለት ትይዩ ቡናማ መስመሮች ታያላችሁ፤ የጎማው መንገድ ናቸው፤ ለሳምንታት ይቆያሉ። ካርት መንገዱን እንዳይለቅ ስንል በዕድሜ የገፉትን ለማድከም አይደለም። እርግጥ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሌላ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ተጫዋች ባንዲራ የተሰካበት ካርት ተሰጥቶት ከመንገዱ ወጥቶ መንዳት ይችላል። ይህ በብዙ ሜዳ የታወቀ ነው።

የፌርዌዩን ቡናማነት በተመለከተ ግን አልስማማም። ቡናማ ማለት የሞተ ማለት አይደለም። ፌርዌይ ላይ ያለው ሣር በሙቀት ጊዜ ትንሽ ቢደርቅ ይተኛል እንጂ አይሞትም፤ ኳሱም በደረቅ መሬት ላይ ረዘም ብሎ ይሄድላችኋል። በሪዞርት ማስታወቂያ ላይ የሚታየውን አረንጓዴ በጁላይ ሜሪላንድ ላይ ለማምጣት ሣሩን በውኃና በናይትሮጅን ማስከር ያስፈልጋል፤ ናይትሮጅን ደግሞ ብራውን ፓች የሚወደው ምግብ ነው። ለአንድ ቀን ፎቶግራፍ ብለን ይህን አናደርግም።

ከሜዳው ውጭ ያሉ ምሳሌዎችን አንሥቼ ልለፍ። በአትላንታ ያለው ኢስት ሌክ የፒጂኤ ቱር የወቅቱ ማጠቃለያ ውድድር የሚደረግበት ሜዳ ነው፤ ገንዘብም ባለሙያም ያልጎደለው። በ2007 ሙቀቱና ድርቁ የቤንትግራስ ግሪኖቹን እጅግ ስለጎዳቸው ለዓለም ምርጥ ተጫዋቾች እንኳ ከውድድሩ በፊት ግሪን ላይ እንዳይለማመዱ ተከልክሎ ነበር። በኋላም ሜዳው ቤንትግራሱን ነቅሎ ሙቀት የሚወደውን የሰርዶ ዓይነት ተከለ። ኦገስታ ናሽናል ደግሞ በግሪኖቹ ሥር አየር የሚስብ መሣሪያ ቀብሮ፣ ቤንትግራሱን ይዞ፣ በሰመር በሩን ይዘጋል፤ የሚከፍተው በፎል ነው። ማስተርስን ኤፕሪል ላይ አዘጋጅተው በጁላይ ማንንም አያስገቡም። እነሱ ያልቻሉትን እኛ በካውንቲ በጀት እንድንችል ነው የጠየቃችሁን።

እኛስ ሰርዶ ለምን አንተክልም? ጥያቄው በሜዳው ውስጥ ይነሣል። ፌርዌይና ቲ ላይ ሰርዶ የተከሉ ሜዳዎች በአካባቢያችን አሉ፤ 90 ዲግሪ ለሰርዶ ድግስ ነው። ግሪን ላይ ግን የሜሪላንድ ክረምት ይገድለዋል፤ ለማትረፍ በብርድ ሌሊት ሁሉ መሸፈን አለበት፤ ሜዳውንም ለወራት መዝጋትና ብዙ ገንዘብ ማውጣት ይጠይቃል። ስለ ሰርዶ ካነሣሁ አይቀር፣ ከኮሚቴው አንድ አባል «ካልተመቸን ሌላ ሜዳ እንሄዳለን» ማለታቸውን ሰምቼ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ትዝ አለችኝ። እሷስ ቢያንስ ሞታ ነው። ለቀልዱ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወደ ቨርጂኒያ ብትሻገሩም የሚጠብቃችሁ ያው ወበቅና ያው ፒቲየም መሆኑን ላስታውስ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ሣር ብቻ እንዳይመስልባችሁ። ውድድሩ የሚጀምረው ረፋድ ላይ ስለሆነ ተጫዋቾቻችሁ አሥራ አራተኛውና አሥራ አምስተኛው ጉድጓድ ላይ የሚደርሱት በቀኑ እጅግ ሞቃት ሰዓት ነው። ከተወዳዳሪዎቹ ብዙዎቹ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው አባቶችና እናቶች ናቸው። ሰው በሙቀት ሲዝል አይቼ ውኃ ይዤ የሮጥኩበት ጊዜ አለ። ያ ለሜዳውም ለኮሚቴውም የማይመለስ ጉዳት ሊያመጣ የሚችል ነገር ነው።

የድንኳኑም ጉዳይ አለ፤ አጭር ነው። የቡና ሥነ ሥርዓቱን ድንኳን መለማመጃ ግሪኑ ጥግ ላይ አትትከሉት። ፕላስቲክ ወለል ተነጥፎበት ፀሐይ የመታው ሣር በግማሽ ቀን ይቀቀላል። የከሰል ምድጃውም ከሥሩ ክብ ጥቁር ምልክት ትቶ ሄዷል። ከሱቅ ገዝታችሁ የነሰነሳችሁት ቄጤማ ግን ምንም አላጠፋም፤ ሣር ላይ ሣር መጎዝጎዛችሁን ሲያዩ ከኤልሳልቫዶር የመጡት የሥራ ባልደረቦቼ ምክንያቱን እስኪጠይቁኝ ድረስ ስቀዋል። ቡናውን ከክለብ ቤቱ ጀርባ ባለው የተነጠፈ ቦታ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ አፍሉት፤ እንግዳውም ይቀዘቅዝለታል።

የምጠይቃችሁ ዋናው ነገር ቀኑን ወደ ኦክቶበር የመጀመሪያ ቅዳሜ እንድታዛውሩ ነው። መስቀል አልፏል፤ የእንቁጣጣሽ ግብዣም አልቋል፤ የፈቃድ የሆነው የጽጌ ጾም እንኳ ገና እየገባ ነው፤ ክትፎው ከሞላ ጎደል ሰላም ነው። በዚያን ሰሞን የዋሽንግተን ቀን በሰባዎቹ ዲግሪ ውስጥ ነው፤ ሌሊቱም ወደ ሃምሳዎቹ ይወርዳል፤ ቤንትግራስ የሚወደው ይህንን ነው። በሰመር መጨረሻ ግሪኖቹን በስተን አሸዋ የምንሞላው ቀዳዳም እስከዚያ ድኖ ይሸፈናል። ማጨጃውን ዝቅ አድርጉ፣ በሮለርም ዳምጡ ብትሉን ያኔ በደስታ እናደርገዋለን፤ አሥር ተኩል ፍጥነት እንሰጣችኋለን፤ ቃል መግባት እችላለሁ ባልልም ከሜዳው ኃላፊ ጋር ተነጋግሬበታለሁ። ትምህርት ቤት ቢከፈትም ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ከሌላ ስቴት የሚመጡት እንግዶች ግን ይቀንሱ ይሆናል፤ ይህን አልክድም። በአንጻሩ በ96 ዲግሪ ምክንያት የሚቀሩትን እዚሁ ከተማ ያሉ አዛውንቶች ታገኛላችሁ።

ቀኑን ማዛወር በዚህ ዓመት ጨርሶ የማይቻል ከሆነ ደግሞ፣ ቢያንስ ጨዋታው በማለዳ 7 ሰዓት ይጀመርና ቀትር ሳይገባ ይለቅ። የግሪኑን ቁመትና ፍጥነት የሚወስነው የሜዳው ኃላፊ ይሁን፤ በቅድመ ሁኔታ ያስቀመጣችሁት የፍጥነት ጥያቄ ይቅር። ካርት ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚለው በዚያው ጠዋት ሣሩ ታይቶ ይነገራችሁ። ሠራተኛ ግሪን ላይ ውኃ ሲረጭ ሁለት ደቂቃ ታገሡት። በመክፈቻው ንግግር ላይም ኳሳችሁ ግሪን ላይ ስታርፍ የምትተወውን ጉድጓድ እንድትጠግኑ አንድ ሰው ያስታውስ፤ በሙቀት ጊዜ ያልተጠገነ ምልክት ለበሽታ የተከፈተ ቁስል ነው፤ መጠገኛዋ ሹካ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ በነጻ አለች። ያለፈው ዓመት ገንዘብ ይመለስልን የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢ መስሎ አይታየኝም፤ ውሳኔው የአስተዳደሩ ቢሆንም አስተያየቴን መደበቅ አልፈልግም።

ይህ ውድድር በአገር ቤት ላሉ ትምህርት ቤቶች ገንዘብ እንደሚያሰባስብ አውቃለሁ፤ በእኛ ሜዳ መካሄዱም ያኮራኛል። ብዙ ሐበሻ ጎልፍን መጀመሪያ ያየው በእናንተ ግብዣ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሳምንቱ መጨረሻ እየመጡ የሚጫወቱ ወገኖችን አውቃለሁ። ውድድሩ እንዲቀር ሳይሆን በሚያምርበት ጊዜ እንዲደረግ ነው የምለምነው።

የኦክቶበር ቅዳሜዎች ቶሎ ስለሚያዙ፣ ኮሚቴው በመጪው ስብሰባው ጉዳዩን ተነጋግሮበት እስከ ማርች መጨረሻ ለሜዳው አስተዳደር መልሱን እንዲያሳውቅ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከመወሰናችሁ በፊት ሁለት ሦስታችሁ አንድ ቀን ብትመጡ ከሜዳው ኃላፊ ጋር ሆነን ሰባተኛውን ግሪን ዞረን እናሳያችኋለን፤ ከአፈሩ ናሙና አውጥተን ሥሩን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ቀኑን ብቻ አስቀድማችሁ ንገሩን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ከሜዳው የሣር ሠራተኞች አንዱ
ሜሪላንድ